እንቅልፍን የማታምነው የጥንቸል ሐኪም

በምድር ላይ ካሉ ሰዎች ሁሉ እንደ ተጠራጣሪ ሰው ትዕግሥትን የሚያስተምር የለም። ለሰፈራችን ይህን ትምህርት እንድትሰጥ የተመረጠችው ክብርት የእንስሳት ሐኪማችን ናት። የዘወትር ሥራዋ ጥንቸሎችን ለቀዶ ሕክምና የሚያስተኙ ሁለት የመርፌ ቅይጦችን ማነጻጸር ነው፤ አንደኛው ኬታሚንን ከዛይላዚን፣ ሁለተኛው ኬታሚንን ከሜዴቶሚዲን ያዋሕዳል። ባልደረቦቿ «ሁለቱም ያስተኛሉ፤ ለምን ታደርቂናለሽ?» ሲሏት መልሷ አንድ ነው፦ «ማስተኛትማ ማንም ያስተኛል፤ ቁም ነገሩ መመለሱ ነው።»

የተኛ ፍጡር ሁሉ ለእርሷ ተጠርጣሪ ነው። ጥንቸል ፈዝዛ ብትዘረጋ አታምናትም፤ የእግሯን ጣት ቆንጥጣ፣ ትንፋሿን አድምጣ፣ እንደገና ትቆነጥጣለች። ልማዱ ቤቷ ድረስ ተከትሏት ገብቷል። ከምሳ በኋላ ጋደም ያለው ባሏ ጣቱ ተቆንጥጦ ብድግ አለና፣ «አንቺ ሴት፣ እኔ ጥንቸል ነኝ?» ቢላት፣ «ጥንቸልማ እንዲህ አያንኮራፋም» አለችው።

እኔም ከሚስቁባት አንዱ ነበርሁ፤ የባለቤቴ ጥንቸል ጎኗ ላይ ያወጣችው እብጠት ካልተቆረጠ አትድንም እስከተባለበት ቀን ድረስ። ልጆቻችን ጎጆ ከወጡ ወዲህ የባለቤቴ አጫዋች ያቺ ጥንቸል ናት። ሐኪሟ ደረቷን ደጋግማ አዳምጣ፣ «ትንፋሿ ደካማ ነው፤ በተለመደው በመጀመሪያው ቅይጥ አልነካትም» አለች።

የክሊኒኩ ኃላፊ ተቆጡ። «እሱ ነው ፈጥኖ የሚያስተኛው! ወረፋው ይጠብቃል እኮ!»

«ጌታዬ፣ ወረፋው እየተነፈሰ ነው የሚጠብቀው» አለቻቸው። እንቅልፉን የሚሽረውን የማንቂያ መርፌ አጠገቧ አኑራ፣ በዚያ መርፌ ቶሎ የሚመለሰውን ሁለተኛውን ቅይጥ ወጋቻት።

እብጠቱ ወጥቶ ቁስሉ በክር ሲሰፋ የጥንቸሏ ትንፋሽ ቀጠነ፤ ቆመም። ባለቤቴ እጄን ጨበጠች። ሐኪሟ የኦክስጅን ጭንብሉን አፍንጫዋ ላይ ደፍታ የማንቂያውን መርፌ ወጋች። ከዚያ ያቺ ትንሽ አፍንጫ መርገብገብ ጀመረች።

«ተመስገን፣ ነቃች! እንግዲህ ቤትሽ ግቢ፣ ልጄ» አልኋት።

«ሳትበላማ ነቃች አልልም፣ አባባ። የጥንቸል ሆድ ሥራ ከፈታ አደጋ ነው።»

ወለሉ ላይ አብራት ተቀመጠች። ጥንቸሏ የጎመን ቅጠል ማላመጥ ስትጀምር፣ ሐኪማችን ግድግዳውን እንደ ተደገፈች እንቅልፍ ጣላት። ባለቤቴ «እንሂድ እንጂ» ብትለኝ፣ «ቆይ እስቲ» አልኋት። የዚያች ልጅ ትንፋሽ ሲወጣና ሲገባ፣ ዐይኔን ሳልነቅል እጠብቅ ነበር።

ፈጣሪ እጆቿን ይባርክ፤ ባሏንና ልጆቿን ይጠብቅላት፤ ቤቷንም በሰላም ይሙላው።