የአቶ ገበየሁ ዜሮ

«ዜሮ በልና ላከው!» ብለው ጮኹ የዩኒቨርሲቲው ምክትል ፕሬዚዳንት በስልክ።

ገበየሁ መነጋገሪያውን ከጆሮው አራቀ። ጩኸቱ ሲያልቅ መልሶ አስጠጋና፣ «በምን ተረጋገጠ?» አለ። ስልኩ ተዘጋበት።

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ገበየሁ አይጠፋም። ሌላው ዕቅዱን ገልብጦ «ክንውን» ብሎ ሲልክ፣ እሱ ተነስቶ ይቆጥራል። የዩኒቨርሲቲው የስታቲስቲክስ ክፍል ኃላፊ፣ ክቡር የቁጥር ሊቅ፣ ሃያ ሺህ ተማሪ የሚተኛበትን አልጋ አንድ በአንድ ቆጥሯል። ቤተ መጻሕፍቱ ሺህ ወንበር አለኝ ሲል ስድስት መቶ አርባ አገኘ፤ ከእነሱም ሠላሳ አንዱ እግር እንደጎደላቸው በግርጌ ማስታወሻ አወጣ። በሥሩ የምትሠራው ፈርሂያ በተቀጠረች ሰሞን «ደህና አደሩ ጋሽ ገበየሁ? ዛሬ ብርዱ ጠንቷል» ብትለው፣ «በምን ተረጋገጠ?» አላት። ከዚያ ወዲህ ስለ አየር ጠባይ አውርታ አታውቅም።

የ2004 ዓ.ም. ጣጣ የመጣው ከአንድ የትምህርት ክፍል ነው። «ያቋረጠ ተማሪ፦ ዜሮ» ብሎ ላከ። ዕቅዱም ዜሮ ስለነበር «ሞዴል» ተብሎ ሊሸለም ነው። ገበየሁ ግን የምግብ ካርድ መዝገቡን አገላብጦ፣ ኢልሀም ጀብሪል የምትባል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሃያ ሦስት ቀን ምግብ ቤት እንዳልገባች ደረሰበት። ሠላሳ ቀን የጠፋ ተማሪ ይሰረዛል፤ ተመልሶም አይገባም።

ፈርሂያ የልጅቷን አድራሻ ሁለቴ አነበበች። መካነ ሰላም፤ የራሷ አገር። ከዚያ ሴት ልጅ ድንገት ስትጠፋ ወዴት እንደምትሄድ ለማወቅ ሠንጠረዥ አያስፈልጋትም።

«ሰባት ቀን ብቻ ነው የቀራት፣ ጋሼ።»

«እሱ የእሷ ጉዳይ ነው። እኔን የቸገረኝ ሠንጠረዡ ነው» አለ ገበየሁ። «ተነሽ፣ እንሂድ።»

መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊስ ሚኒባሱን አስቁሞ ስንት ሰው እንደጫነ ጠየቀ።

«ልክ ነን፣ አሥራ ሁለት!» አለ ረዳቱ።

«አሥራ ዘጠኝ» አለ ገበየሁ ከኋላ ወንበር። «በጉን ሳይጨምር።»

ከዚያ እስከ መካነ ሰላም ያናገረው ሰው የለም። ፈርሂያም እንደማታውቀው ሆና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ለልጅቷ አባት የምታቀርበውን ልመና በልቧ ታሰናዳ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ ገበየሁ ደጃፉ ላይ፤ ክርስቲያን ቢሆንም የወሎ ሰው ነው።

«ወአለይኩሙ ሰላም፤ ግቡ፣ ግቡ» አሉ ጀብሪል። ወሬውን አልደበቁም። የኢልሀም ፓስፖርት ወጥቷል፤ ጅዳ ያለችው እህቷ ሥራ አግኝታላታለች። «ልትመክሩኝ ከሆነ ቀበሌው መክሮኝ ጨርሷል።»

«ምክር የለንም። ቅጽ ነው ያለን» አለ ገበየሁ።

«አላህ ካለ አንድ ቀን ትመለሳለች።»

«‹አንድ ቀን› የሚል ዓምድ የለንም፣ ጋሼ። ወይ አለች፣ ወይ አቋርጣለች።»

ፈርሂያ ያሰናዳችውን ልመና ተወችው። ጀብሪል እስክሪብቶውን ተቀበሉ።

«ምን ይላል?»

«‹ተማሪዋ ትምህርቷን በገዛ ፈቃዷ አቋርጣለች›» ስትል አነበበችላቸው።

«በገዛ ፈቃዷ» አሉ ቀስ ብለው። እጃቸው አልተንቀሳቀሰም።

ገበየሁ የጓዳው በር ላይ ወደቆመችው ልጅ ዞረ። «እውነት ነው?»

ኢልሀም አባቷን አየች። «እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ገበየሁ እስክሪብቶውን ከጀብሪል እጅ ወሰደ። «እንግዲህ አልተረጋገጠም። ባልተረጋገጠ ነገር ማንም አይፈርምም፤ እርስዎም ቢሆኑ። ተጠያይቃችሁ ንገሩኝ።» ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተና አልጋ ሊከራይ ወጣ።

በማግስቱ ማንም አልመጣም፤ በሦስተኛውም ቀን። ገበየሁ መናኸሪያ ተቀምጦ የሚገቡትን መኪኖች ቆጠረ። ፈርሂያ የሚቀሩትን ቀኖች ቆጠረች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጀብሪል የልጃቸውን ሻንጣ ተሸክመው መጡ።

«ጠየቅናት» አሉ። ኢልሀም ከኋላቸው ነበረች።

ሪፖርቱ ዘጠኝ ቀን ዘግይቶ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። «ያቋረጠ ተማሪ፦ ዜሮ» ይላል።

«እኔ ያልኩህን ዜሮ ለማምጣት ነው ዘጠኝ ቀን የፈጀኸው?»

«ያኛው አልተቆጠረም ነበር» አለ ገበየሁ።

በሰኔው ግምገማ ፈርሂያ እጇን አወጣች። ጋሽ ገበየሁ ሰው እንደሚያሰለች፣ ሚኒባስ ሙሉ ሕዝብ ፊት እንዳሳፈራት፣ በአራት ቀን ውስጥ አንዲት ደግ ቃል ከአፉ እንዳልወጣ ዘርዝራ ተናገረች። ሰብሳቢው ደስ ብሏቸው፣ «እንግዲያው ወደ ሌላ ክፍል እናዛውርሽ?» አሏት።

«አይሆንም» አለች። «ከእሱ ጋር ተዉኝ።»

ገበየሁ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ኢልሀም በ2005 ዓ.ም. ሐምሌ ተመረቀች።