በፍየል ሆድ የተማሩት ሐኪም

አባባ ትናንት ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ ተመለሱ! ሆዳቸው ተሰፍቷል፤ መተማ የገቡት ግን ግመል ላይ ሆነው እየሳቁ ነው። ይህን ደስታ ሊያስቀሩብኝ የነበሩትን ጎረቤታችንን አያ ውቤን ሳላስተዋውቃችሁ አላልፍም።

አያ ውቤ ሞራ ገላጭ ናቸው። ፍየል ሲታረድ ሞራውን ዘርግተው፣ በላዩ ካሉት የደም ሥሮች የዝናቡን መምጫና የጣልያንን መውጫ ያነባሉ። ጣልያን ንባባቸውን ስላልሰማ ይሆናል እስካሁን ያልወጣው።

ታዲያ የፍየል ሆድ ያወቀ ሰው የሰው ሆድ ምን ይቸግረዋል? አባባ እምብርታቸው አጠገብ የሚመታ እብጠት ሲያወጡ፣ አያ ውቤ በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «ስብ ነው፤ በምላጭ አወጣዋለሁ» አሉ።

«ስብ እንደ ልብ ይመታል እንዴ?» አልኳቸው።

«አንቺ፣ ስንት ሆድ ከፍተሽ አይተሻል?»

«አንድም።»

«እንግዲያ ዝም በያ!»

እናቴ ግን ዝም አላለችም። ምላጩን ነጥቃ አባባን ገዳሪፍ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ሆዳቸውን ከፍቶ ቢያይ እብጠቱ ኩላሊት ነው! ሁለቱ ኩላሊቶቻቸው ሲፈጠሩ ጀምሮ ከታች ተጋጥመው፣ ትልቁ የደም ሥር ላይ እንደ ኮርቻ ተፈናጥጠዋል። የሚመታውም ያ የደም ሥር ነው። ሐኪሙ ምንም ሳይነካ መልሶ ሰፋቸው። ምላጩ ነክቶት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ልቅሶ ላይ ነበርን።

አያ ውቤ ይህን ሰምተው ያፈሩ ይመስላችኋል?

«ጥፋቱ የአባትሽ ነው» አሉኝ፤ «እንደ ፍየሉ መፈጠር ነበረበት።»

እሑድ የምስጋና ፍየል ስለምናርድ ሁላችሁም ኑልን። ሞራውን የሚያነቡት አያ ውቤ ናቸው፤ ምላጩ ግን እናቴ ዘንድ ነው።