ዳኑብን የሚያሳዩት አቶ ጌብሃርት

ሳይጠየቅ መንገድ የሚያሳይ ሰው ያላፈራ መንደር ገና መንደር አልተባለም። በደቡብ ጀርመን፣ በዳኑብ ወንዝ ዳር ያለችው ኢመንዲንገን ይህን ማዕረግ ያገኘችው በክቡር አቶ ጌብሃርት ነው። ክቡርነታቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከወይዘሮ ሂልትሩድ የእንግዳ ማረፊያ ደጃፍ፣ ከአግዳሚው ወንበር መካከል ተሰይመው፣ ዳኑብን ይዞ በብስክሌት ወደ ቪየና የሚወርደውን መንገደኛ ሁሉ ይሸኛሉ።

«ወንዙን ተከተል» ይላሉ፣ በከዘራቸው እያመለከቱ።

የነሐሴ ፀሐይ ሲበረታ ግን ወንዝ የለም። ዳኑብ እዚያ ሲደርስ በድንጋይ ስንጥቅ ሰርጎ ይገባል፤ የሚተርፈው ጠጠር ነው።

«የቱን ወንዝ?» ይላል ብስክሌተኛው።

«ይኸው፣ ፊትህ ያለውን።»

«ይሄ እኮ ድንጋይ ነው፣ ጌታዬ።»

«ልጄ፣ ወንዝ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ሰው ነው። ይሄ ውሃ ቪየና ላይ መርከብ ይሸከማል፣ ሰርቢያ ላይ መብራት ያመነጫል። እኛ ጋ ትንሽ ቢተኛ ምን አለበት?»

የሰረገው ውሃ ከተራራው ማዶ ፈልቆ ወደ ራይን ወንዝ እንደሚሄድ የነገራቸው ሰው ቢኖር፣ «ራይን ድሮም ሌባ ነው» ብለው ክርክሩን ይዘጋሉ።

ወይዘሮ ሂልትሩድ እዚያው ተወልደው ያደጉ ሆነው ሳለ፣ አቶ ጌብሃርትን ሲሰሙ ቁልቁለቱ በየት በኩል እንደሆነ ይጠፋቸዋል። መንገደኞቹማ ጠጠሩን ተከትለው ሄደው፣ ጎማ አፈንድተው፣ ሲመሽ ተመልሰው የማረፊያውን በር ያንኳኳሉ። ወይዘሮዋ በሀፍረት ሾርባ እያቀረቡ፣ ከእናታቸው የወረሱት ቤት ስሙ ጠፍቶ እንዳይዘጋ ይሰጋሉ።

«አቶ ጌብሃርት፣ ማረፊያዬን ሊያዘጉብኝ ነው። ወንበሩን አስነቅለዋለሁ።»

«ያስነቅሉት። ቆሜ አሳያለሁ።»

ዘንድሮ ክቡርነታቸው ለዳሌ ቀዶ ጥገና ቱትሊንገን ሆስፒታል ገቡ። መንገደኛው የመንገዱን ምልክት እያነበበ ቀጥ ብሎ አለፈ። የተሳሳተ የለም፤ ያደረም የለም። አልጋዎቹ እንደተነጠፉ ሰነበቱ። ወይዘሮ ሂልትሩድ ባዶዎቹን ክፍሎች እየዞሩ ሲያዩ፣ ቤቱን ሲያቆምላቸው የኖረው ማን እንደነበረ ያን ጊዜ ጠረጠሩ፤ ጥርጣሬያቸውንም ማመን አቃታቸው።

ግራ እንደተጋቡ ወጥተው ከወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። መካከሉን፣ በመቀመጥ ብዛት የጎደጎደውን፣ ለባለቤቱ ተዉት። ወዲያው አንድ ባልና ሚስት ብስክሌታቸውን አቆሙ።

«እመቤት፣ ወንዙ የት ገባ?»

የመንገዱ ምልክት ከባልና ሚስቱ ጀርባ ተተክሏል። ወይዘሮ ሂልትሩድ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አዩ።

«ወንዝ አይጠፋም» አሉ። «እስኪመለስ ግቡና ሾርባ ቅመሱ።»

የቀረውን ግማሽ፣ «የሚጠፋው ሰው ነው» የሚለውን፣ ለአቶ ጌብሃርት አቆዩላቸው።