ሌላንድ ጠመንጃ ሲመርጥ

ሰው ሁሉ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ገዝቶ ይጸጸታል፣ ወይ ሳይገዛ ይጸጸታል። ሦስተኛው ዓይነት ግን ጨርሶ አይጸጸትም፤ ገና እየገመገመ ነዋ። ለየመንደሩ እንዲህ ዓይነት ሰው አንድ አንድ ተመድቦለታል። መደብር ገብቶ መጥረቢያውን በእጁ ይመዝናል፣ ስለቱን በአውራ ጣቱ ይዳብሳል፣ ሻጩን እስኪያልበው ድረስ ይጠይቃል፣ ከዚያ አመስግኖ ባዶ እጁን ይወጣል። በሚቀጥለው ሳምንትም እዚያው ነው። የእናንተን ሰፈር ሰው እናንተ ታውቁታላችሁ። የእኛው የልጄ ባል ነው፤ የምኖረውም እሱ ቤት፣ በኋለኛው ክፍል ነው።

ክቡር ሌላንድ የዶሮ መኖ የጭነት መኪና ይነዳል። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ሲናገር ቀስ ይላል። ልጄን ራሞናን ካገባ አሥራ አንድ ዓመት ሞላው፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ "ወይዘሮ ቬርና" እያለ አንቱ ይለኛል። አንድ ጊዜ "ኧረ እማዬ በለኝ" ብለው "አስብበታለሁ" አለኝ። እያሰበበት ነው።

የሣር ማጨጃ ሲገመግም ሣሩ ደጃችንን ወርሶ ፖስተኛው በጓሮ መምጣት ጀመረ። ውሻ ለመምረጥ ስለ ዝርያ ሲያጠና ከረመ፤ በመጨረሻ የጎረቤት ውሻ ትዕግሥቱ ቢያልቅ ራሱ መጥቶ ገባ። የምድጃውን ነገርማ ተዉት። "አይቸኮልም" ይላል ሌላንድ፤ "የቸኮለ ሰው ሁለቴ ይገዛል።" ልክ ነው። እሱ አንዴም አልገዛም።

ባለፈው ጸደይ ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ካለ ጎተራ የሞተር መጋዝ ተሰረቀ። ሌባው ቤት አልገባ፣ ሰው አልነካ፤ ቢሆንም በእኛ በአርካንሶ ገጠር አንድን ወንድ ከእንቅልፉ ለመቀስቀስ ይህ ይበቃል። በማግስቱ ቁርስ ላይ ሌላንድ ሹካውን አስቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ለቤቱ የሚሆን መሣሪያ ያስፈልገናል" አለ።

"አንተ የምትመርጠው ከሆነ ሌባው በእርጅና ይሞታል" አለችው ራሞና።

የአባቱ የአጋዘን ጠመንጃ አለ፤ የሱ ጥይት ግን ጎረቤት ወረዳ ካልደረሰ አይቆምም። ባለ ሁለት አፉ የወፍ ጠመንጃ ራሞናን ትከሻዋን ይነቅላታል። ሽጉጥ ደግሞ በደነገጠ እጅ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ሊቁ ይህን ሁሉ ካስረዱን በኋላ ልባቸው የወደደውን ገለጡልን፤ የሽጉጥ ጥይት የምትጎርስ፣ ሰደፏ የሚታጠፍ፣ ትከሻ ላይ ጸጥ ብላ የምታርፍ አጭር ጠመንጃ። "ጥይቷ ርካሽ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መለማመድ ይቻላል" አለ። ያቺ "ቅዳሜ ቅዳሜ" የምትለዋ ቃል ወዴት እንደምታመራ ገብቶኝ ሳህን ማንሳት ጀመርኩ።

የተኩስ መለማመጃው ባለቤት ኸርሸል ነው፤ ቦታው አሮጌው የድንጋይ ካባ ውስጥ ነው። ኸርሸል ጠመንጃዋን ለሚሞክር ያከራያል። ሌላንድ በየቅዳሜው ተከራያት። በቀኝ ትከሻ ሞከራት፣ በግራ ሞከራት፣ ተንበርክኮ ሞከራት፣ መነጽሩን አውልቆ ሞከራት።

"ዶክተር፣ ልትገዛት ነው ወይስ ልታገባት?" አለው አንድ ቀን ኸርሸል።

"በጓንት አልሞከርኳትም።"

"ሌባው ሲመጣ ጓንት ልታደርግ ነው?"

"ክረምት ከሆነስ?" አለው ሌላንድ። ኸርሸል ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ዝቅ አድርጎ ተቀመጠ።

ግምገማው ቤትም ገባ። አንድ ምሽት የዓሣ ሚዛን ይዞ መጣና መንጠቆውን ሰጠኝ። "ወይዘሮ ቬርና፣ እስቲ በኃይል ይጎትቱልኝ" አለኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት የዶሮ ፋብሪካ ውስጥ ክንፍ ስቆርጥ ነው፤ ጣቶቼ እንደ ዝንጅብል ተጣመዋል። እንደ ምንም ጎተትኩ። ሚዛኑን አይቶ "ይበቃል" አለ።

"ለምኑ?"

"ለማቀባበል።"

ከዚያ የመጥረጊያውን እንጨት በጠመንጃዋ ልክ ቆረጠው። እሱን ትከሻው ላይ አስደግፎ ከመኝታ ቤት ወደ ኮሪደር፣ ከኮሪደር ወደ ኩሽና ማዕዘን ማዕዘኑን እያየ ይሽሎከለካል። የሸክላ አውራ ዶሮዬን ጭራውን የሰበረው ያኔ ነው። እኔም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቤቱን የምጠርገው እንደ እንጉዳይ ለቃሚ ጎንበስ ብዬ ነው።

እስከዚህ ድረስ እየሳቅኩ ችያለሁ። አንድ ቀን ግን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሌላንድ ሜትር ይዞ ክፍሌ ውስጥ አገኘሁት። አልጋዬን ይለካል። ከግድግዳው እስከ ራስጌዬ ለካ፣ ከወለሉ እስከ ፍራሼ ለካ።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ምንም" አለ። ደግሞ ቆየት ብሎ፣ "ያንን አሮጌውን ትራስ ይፈልጉታል?"

"ውሰደው" አልኩት።

ትምህርት ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። ግን ሰው አልጋሽን በሜትር ሲለካ ምን እንደሚከተል ለማወቅ ዘጠነኛ ክፍል መግባት አያስፈልግም። ጎረቤቴ አይሊን አውራ ጎዳናው ዳር ያለው የአረጋውያን ቤት የገባችው "ለትንሽ ጊዜ" ተብላ ነበር። ድመቷ እስከ ዛሬ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃታለች።

በዚያው ሳምንት ልብስ ላጥብ ስወርድ ኩሽና ውስጥ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

"እዚያ ክፍል ውስጥ ሊቆዩ አይችሉም" አለ ሌላንድ።

"ታዲያ ንገራታ" አለች ልጄ።

"ቆይ፣ መጀመሪያ እርግጠኛ ልሁን።"

አልተጣላሁም፣ አላለቀስኩምም። ፋብሪካ ውስጥ ከሚንቀሳቀስ መስመር ፊት ቆሞ ያረጀ ሰው የሚመጣለትን ይቀበላል። የቤተ ክርስቲያን ቀሚሴን፣ የባሌን ፎቶግራፍና ጭራው የተሰበረውን አውራ ዶሮ ሻንጣ ውስጥ ከትቼ አልጋዬ ሥር ገፋሁት። የማዝነው በሌላ ነገር ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው፣ አንድ የዳቦ መጥበሻ ለመጣል ወር የሚፈጅበት ሰው፣ እኔን ለመጣል በስንት ቀን ወሰነ እያልኩ ነበር።

ቅዳሜ ሌላንድ ምሳውን ረስቶ ሄደ። ራሞና "ነይ እማዬ፣ አብረን እናድርስለት፤ ትንሽ ንፋስ ትቀበያለሽ" አለችኝ። ሄድን።

ኸርሸል የጆሮ መሸፈኛ ሰጥቶን ወደ ኋላ ወሰደን። ካባው ውስጥ፣ ከአፈሩ ቁልል ፊት ለፊት፣ ጣሪያ የሌለው ቤት ቆሟል። በእንጨት ማገር ላይ ግራና ቀኝ ጂፕሰም የተመታበት፣ ግድግዳ ከግድግዳ ጀርባ የተደረደረበት ቤት ነው። የመጀመሪያው ግድግዳ የእኛን ኮሪደር ቢጫ ቀለም ተቀብቷል፤ ከቀለሙ ተርፎ ነበር።

"እንኳን ወደ ቤትሽ መጣሽ፣ ቬርና" አለኝ ኸርሸል። "ያ ኮሪደሩ ነው። ቀጥሎ ያለው መታጠቢያ ቤቱ። የሽንት ቤቱን መቀመጫ ሊያመጣ ሲል ነው 'በቃህ' ያልኩት።"

"መጨረሻ ላይ ያለውስ?"

ኸርሸል ባርኔጣውን አወለቀ። "እሱ አንቺ ነሽ።"

ከመጨረሻው ግድግዳ ጀርባ፣ በእኔ አልጋ ከፍታ፣ ሳንቃ ላይ አሮጌው ትራሴ ተቀምጧል። ትራሱ ላይ ውኃ የሞላ የፕላስቲክ ጀሪካን ተጋድሟል።

ሌላንድ መምጣታችንን አላየም። የእነሱ መኝታ ቤት በር መሆን ያለበት ቦታ ላይ ቆሞ አጭሯን ጠመንጃ ትከሻው ላይ አሳረፈ፣ አንዴ ተኮሰ፣ ካዝናዋን አውጥቶ፣ ባዶ መሆኗን አይቶ አስቀመጣት። ከዚያ ወደ ግድግዳዎቹ ሄደ። የመጀመሪያው ግድግዳ ቀዳዳ ውስጥ ጣቱን ከተተ። ሁለተኛውም ውስጥ ከተተ። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ እርምጃው ዘገየ። ከመጨረሻው ግድግዳ ጀርባ ተንበረከከ። ውኃው ከጀሪካኑ እየወረደ ትራሴን ያርሰዋል።

"ይኼ እኮ ግድግዳ ውስጥ ይቆማል የተባለው ጥይት ነበር" አለ ለማንም ሳይሆን።

"እሺ ዶክተር፣ ፍርዱ ምንድን ነው?" አለ ኸርሸል።

"ጠመንጃዋ እንከን የላትም" አለ ሌላንድ፣ ጀርባውን እንደሰጠን። "የወደቀው ቤቱ ነው። ሦስት ዓይነት ጥይት ሞከርኩ፣ በየበሩ ቆሜ ሞከርኩ። የትም ብቆም መጨረሻው እሳቸው ራስጌ ነው።" ያኔ ዞር ሲል አየኝ። ፊቱ እንደ ጂፕሰሙ ነጣ።

"ለዚህ ነው እንግዲህ ወደ አውራ ጎዳናው ዳር ቤት የምትልኩኝ" አልኩት። "ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ። ይሄን ሁሉ ቤት መሥራት አያስፈልግህም ነበር። ሂጂ ብትለኝ እሄድ ነበር።"

"የምን ሻንጣ?" አለች ራሞና።

ሌላንድ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ጠርዙን ያዞረው ጀመር።

"ወደ ፊተኛው ክፍል ነው የሚገቡት" አለ በመጨረሻ። "ከኮሪደሩ በኩል የጡብ ጭስ ማውጫ አለው። በጡብ ጥይት አያልፍም።"

"ፊተኛው የእናንተ ክፍል ነው።"

"እኛ ወደ ኋላ እንሄዳለን።"

"ንገራት አልኩህ እኮ" አለችው ራሞና።

"ጡቡን ገና እየሞከርኩ ነበር" አለ ሌላንድ።

ኸርሸል ሳል እንደያዘው ሰው ፊቱን አዞረ። እኔ የረሳውን ምሳ አቀበልኩት።

ያንን ቅዳሜ ከሰዓት አልጋዎቹ ተለዋወጡ። ሻንጣዬን ራሱ ተሸክሞ ፊተኛው ክፍል አስገባልኝ፤ ምን እንደያዘ አልጠየቀም። የፊተኛው ክፍል ሁለት መስኮት አለው፤ በአንዱ የአይሊን ድመት ትታየኛለች፤ በሌላው ደግሞ እሁድ እሁድ አይሊንን ልጠይቅ እየወሰደኝ የሚመለሰው የሌላንድ መኪና።

ጠመንጃዋን ገዛ ወይ? አልጋዎቹ ስለተቀየሩ ቤቱ አዲስ ቤት ሆነ፤ ግምገማው ከመጀመሪያው ይጀምራል። እስከዚያው ለኮሪደሩ በር አዲስ ቁልፍ ሊገጥምለት ነው። ቁልፎቹን እያጠና ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ያን ዕለት ከካባው ስንመለስ ሌላንድ መኪናውን አንድ ሱቅ ፊት አቁሞ ገባ። ሞተሩን እንኳ አላጠፋም። ዋጋ አልጠየቀ፣ አልዳበሰ፣ አልመዘነ፤ ፊት ለፊቱ ካገኘው መደርደሪያ ላይ ትራስ አንስቶ ከፍሎ ወጣ። በሕይወቱ ሳይገመግም የገዛው ነገር ይኸው አንድ ትራስ ነው። ታሪክ መዝግቦ ይያዘው።

ትራሱ እንደ መኖ ከረጢት ይቆረቁራል። አንገቴን አጣሞታል። ራሞና ሌላ ልታመጣልኝ ብትል "ንክች እንዳታደርጊው" አልኳት።

ሌላንድ በማግስቱ ጧት በሩን አንኳኩቶ ጭንቅላቱን ብቻ አስገባ።

"ትራሱ እንዴት ነው፣ ወይዘሮ ቬርና?"

"ገና እየገመገምኩት ነው" አልኩት።

ከገባንበት ቀን ጀምሮ በዚህ ቤት የመጀመሪያውን ቁም ነገር እንደሰማ ሰው በክብር ራሱን ነቀነቀ።

"አይቸኩሉ" አለኝ፤ በሩንም ቀስ ብሎ ዘጋው።