የአቶ ሰንበታ እንቅፋት

በየማኅበሩ አንድ አይጠፋም፤ ሰውን ሁሉ ወደ ገነት ሸኝቶ እሱ ደጅ ላይ የሚቀር። አዳማ ላይ ይህን ሹመት የያዙት ባቡር ጣቢያው አጠገብ አሞሌ ጨው የሚነግዱት አቶ ሰንበታ ነበሩ። የማርያም ማኅበርተኞች በሐሜት «ሊቀ ነገ» ይሏቸዋል።

አቤት ምላስ! ዳቦው ሳይቆረስ ይነሡና «ጌታ ተከተለኝ ሲለው ማቴዎስ ነገ አለ? ብድግ ብሎ ሄደ እንጂ!» ይላሉ። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ዳቦው ይደርቃል። አንድ አናጺማ ሰምቷቸው መጋዙን ለወንድሙ ትቶ ዝዋይ ደሴት ገብቶ መነኮሰ።

«እርስዎስ?» ሲሏቸው መልሱ ዝግጁ ነው። «እኔማ ጓዜን ከጠቀለልኩ ስንት ዘመኔ! ዘርፉ ያዘችኝ እንጂ። አብሬያት የቆረብኩ ሚስቴ ሳትፈቅድ እንዴት ብዬ?»

ወይዘሮ ዘርፉን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ይህ ሁሉ በስማቸው መባሉንም አልሰሙም ነበር። አንድ የማርያም ዕለት ግን ተረኛዋ ዘውድነሽ ጠላ እየቀዳች «እትዬ ዘርፉ፣ ምናለ ቢለቋቸው? የነፍስ ነገር እኮ ነው» አለቻቸው።

ዘርፉ ዋንጫቸውን አስቀመጡና ወደ ባላቸው ዞሩ። «የነፍስዎ እንቅፋት እኔ ነኝ?»

አቶ ሰንበታ ሊያስተባብሉ አፋቸውን ከፈቱ። ቄሱ እያዩ፣ ማኅበሩ እያየ፣ እንዴት ዋሽቻለሁ ይበሉ? «እንግዲህ… የሚስት ነገር…» አሉና ሳቁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አልተመለሰም።

«እንግዲያ ፈቅጄልዎታለሁ። እርስዎም ይፍቀዱልኝ፤ እንቅፋቱ አስቀድሞ ይነሣ» አሉ ዘርፉ። ቀልድ የመሰለው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን ልጃቸውን ድረው የጨረሱ፣ ቃላቸውን የማያጥፉ ሴት ናቸው፤ ነጠላቸውን ቋጥረው ለመመንኮስ ወደ ዝዋይ ተነሡ።

አቶ ሰንበታ እስከ ሐይቁ ሸኟቸው። በመንገዱ ሁሉ የሚያስፈልጋቸው አንዲት ቃል ነበረች፤ «አትሂጂ»። ወንጌሉን በቃሉ የሚወጣ ሰው ይቺን አጣት፤ ወይ ጉድ! ዘርፉም በቅሎዋን ቀስ እያደረጉ ወደ ኋላ ያዩ ነበር። በመጨረሻ አቶ ሰንበታ «ጨዉን ልጨርስና እከተልሻለሁ» አሏቸው።

ጨው መቼ አልቆ ያውቃል!

ዛሬ በማኅበሩ አይሰብኩም። ዳቦው በጊዜ ይቆረሳል፤ ደስ ያለው ግን የለም። ያሟቸው የነበሩት ሁሉ «ኧረ አንድ ቃል ይበሉን፣ አባቴ» እያሉ ይለምኗቸዋል። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ይቆርሳሉ። ቤታቸው ጭር ብሏል፤ ሴትዮዋ ክፉኛ ናፍቀዋቸዋል።

በየኅዳር ጽዮን ጨው ጭነው ሐይቁ ዳር ይወርዳሉ። ዘንድሮም ባለታንኳው ኢተፋ ተቀበላቸው። «አካም ጅርቱ፣ አቶ ሰንበታ! እማሆይ ‹እንቅፋቱ ከተነሣ ቆየ በላቸው› ብለዋል። ታንኳው ላይ ቦታ አለ፤ ይሳፈሩ።»

«ነገ…» ብለው ጀመሩና ከንፈራቸውን ነከሱ።

«እሺ፣ ምን ልበልልዎ?»

አቶ ሰንበታ ደሴቱን ብዙ አዩት።

«እንቅፋቱ ጨው ነው በላት» አሉ።