አጎቴ ሰላምታ የነሳኝ ጊዜ

ዛሬ ዓይን ሐኪም ቤት ወረፋ የያዘው ሰው በሙሉ ሳቀብኝ። በሙሉ ነው የምላችሁ! አንድ ዓይናቸው በፋሻ የተሸፈነ እናት እንኳ በሌላኛው ዓይናቸው እንባ እስኪወርድ ነው የሳቁት።

ጥፋቱ የኔ ነው። ቁጭ ብዬ ልናዘዝላችሁ ነው።

ግን ነገሩ ዛሬ አልጀመረም። የጀመረው በደርግ ጊዜ፣ እዚያው አገሬ ሐይቅ፣ ውኃው ዳር ነው። ስለዚህ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉና ተከተሉኝ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የገበሬ ማኅበራችን ጸሐፊ ሆኜ ከተመረጥኩ ሁለት ወር አልሞላኝም። ለምን ተመረጥክ አትበሉኝ፣ የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ብቻ ነው!

ማኅተሙ እኔ ጋ ነው። የይለፍ ወረቀት የምጽፈው እኔ ነኝ። ደሴ መሄድ የፈለገ ሁሉ "ሙሄ፣ የኔ ጌታ" እያለ ይመጣል። ኮራሁ። ምን እደብቃችኋለሁ፣ በጣም ኮራሁ!

ኩራቴ መጀመሪያ የታየው ሰላምታዬ ላይ ነው።

ወሎን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እኛ ጋ ሰላምታ ጊዜ ይፈልጋል። አሰላሙ አለይኩም ይባላል፣ ደህና አደራችሁ ይባላል፣ ልጁ ይጠየቃል፣ ከብቱ ይጠየቃል፣ ዝናቡ ይጠየቃል። እኔ ግን ጓድ ሆኛለኋ! ስብሰባ ላይ እንዳየሁት ግራ እጄን ጨብጬ ወደ ላይ አነሳለሁ። አፌን አልከፍትም። በቃ፣ ሰላምታዬ ያ ነው።

ሰዉም ሳቁን እየዋጠ እጁን ያነሳልኛል። ማኅተሙ እኔ ጋ ነው ብያችኋለሁ እኮ።

አንድ ሰው ብቻ አያነሳልኝም። አያ እንድሪስ።

አያ እንድሪስ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ ውኃው ዳር ተቀምጠው መረባቸውን ሲጠግኑ ይውላሉ። እኔ ወደ ቢሮ ስሄድ በግራቸው በኩል አልፋለሁ። እጄን አነሳለሁ። እሳቸው ዝም! መረባቸውን ይቋጥራሉ።

የመጀመሪያ ቀን ሐሳብ ይዟቸው ነው አልኩ። በሁለተኛው ቀን ፀሐይ መትቷቸው ነው አልኩ። በሦስተኛው ቀን ገበያ መሐል አገኘኋቸውና በግራቸው በኩል ቀርቤ እጄን ለመጨባበጥ ዘረጋሁ። እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። ሰው እያየ!

ደሜ ፈላ።

ዓይናቸው ደካማ ቢሆን እኮ ይገባኛል። አያ እንድሪስን አገር የሚያውቃቸው በዓይናቸው ነው። ከእስጢፋኖስ ገዳም በኩል የምትመጣ ታንኳ ገና ነጥብ ሆና ሳለ ቀዛፊውን በስም ይጠራሉ። ክር በመርፌ ቀዳዳ የሚያሾልኩት ሳይቸኩሉ፣ በአንድ ሙከራ ነው። ታንኳዋን አይተው እኔን፣ ክንዳቸው ሥር የቆምኩትን፣ ማኅተም የያዝኩትን ጸሐፊ ሳያዩ ቀሩ? ማንን ያታልላሉ!

"ቀንተው ነው" አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ "አብዮቱን ጠልተው ነው" አልኩ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አንድ መስመር መጻፍ የሰው ቤት ያፈርስ ነበር። እስክሪብቶውም ወረቀቱም እኔ ጋ ነበር፤ አንድ ጊዜ አስቤውም ነበር። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

አልሐምዱሊላህ፣ ወደ ቢሮ ሳይሆን ወደ እናቴ ሄድኩ። እናቴ ደግሞ ወደ አበጋሩ ሄደች።

አበጋር ማለት እኛ አገር የተጣላን የሚያስታርቅ፣ የደም ነገር ሳይቀር የሚያበርድ ሽማግሌ ነው። የኛው ሸህ ይማም ይባላሉ፤ ከአምባሰል ወርደው ከኛ በላይ ዳገቱ ላይ የሰፈሩ ናቸው። ብቻቸውን አልመጡም። መምሬ ተገኝን ይዘው መጡ። እኛ ዘንድ ሲታረቁ ሸሁም ቄሱም አንድ ላይ ነው የሚቀመጡት።

እናቴ ግቢ ቆዳ ተነጠፈ። ዱዓ ተደረገ። እኔ ክሴን አሰማሁ፣ ቀን በቀን፣ በዝርዝር! ጽፌው ነበር የመጣሁት። ምን ላድርግ፣ ጸሐፊ ነኛ!

አያ እንድሪስ አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። "ወላሂ አላየሁትም" አሉ። "የእህቴን ልጅ ምን በድሎኝ ሰላምታ እነሳዋለሁ?"

"ታንኳ ያያሉ፣ እኔን አያዩም?" ብዬ ጮህኩ።

ሸህ ይማም ነገሩ እንዲበርድ ብለው ከጫታቸው አንድ ቀንበጥ ቀነጠሱና ለአያ እንድሪስ ዘረጉላቸው። የተቀመጡት በአያ እንድሪስ ግራ በኩል ነው። አያ እንድሪስ ንቅንቅ አላሉም። የሸሁ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። እናቴ "ያረቢ!" ብላ አፏን ያዘች፤ የሸህ ይማምን እጅ የመለሰ ሰው አገሩ ላይ አልታየም።

እኔስ? እኔማ ደስ አለኝ! "አያችሁ! አያችሁ!" እያልኩ ዘለልኩ። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ፣ ብሎክ ማድረግ የምትፈልጉ አሁኑኑ አድርጉኝ።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳቱ አስናቀ፣ እናቴ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ጥግ ላይ ሸሚዙን እያጠበ ሁሉንም ሰምቷል። እጁን ሱሪው ላይ ጠራርጎ መጣና "ይቅርታ አባቶች" ብሎ አያ እንድሪስ ፊት ለፊት ቁጢጥ አለ።

"አያ፣ ግራ ዓይንዎን በመዳፍዎ ይሸፍኑ። አፍንጫዬን ብቻ ይዩ። ጣቴ ሲታይዎ 'አሁን' ይበሉኝ።"

ጣቱን ከጎን አመጣ። እኛ ሁላችን አየነው። አያ እንድሪስ ዝም። ጣቱ ግማሽ መንገድ ከመጣ በኋላ ነው "አሁን" ያሉት።

"አሁን ደግሞ ቀኙን ይሸፍኑ። አፍንጫዬን ይዩ።"

አያ እንድሪስ ቀኝ ዓይናቸውን ሸፈኑ። ከዚያ በቀጭን ድምፅ "አፍንጫህ የታለ?" አሉ።

መዳፋቸውን አነሱት፣ መልሰው ሸፈኑ፣ እንደገና አነሱት። ግራዋ መቼ እንደሄደች አያውቁም ነበር። አላመማቸውም፣ አልቀላባቸውም፤ ቀኟ የሁለቱን ሥራ ስትሠራ ኖራለች። እኔ እሳቸውን ማየት አቃተኝ።

"ይሄ ኩርፊያ አይደለም" አለ አስናቀ። "የዓይን ግፊት ይመስለኛል፣ ግላኮማ የሚሉት። ከዳር ከዳር እየሸረፈ ነው የሚመጣው፣ ባለቤቱ ሳያውቀው። ነገ ዛሬ ሳይባል ደሴ ይሂዱ።"

መምሬ ተገኝ ወደ እኔ ዞሩ። "ለመሆኑ ሙሄ፣ ሰላም ስትላቸው ምን ብለህ ነው?"

"እጄን… አንስቼ።"

"አፍህስ?"

"የእንድሪስ ጆሮ ደህና ነው" አሉ ሸህ ይማም። "አሰላሙ አለይኩም ብትለው ኖሮ ዛሬ እዚህ ባልተጎለትን ነበር።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ፣ ወላሂ!

በማግሥቱ የይለፍ ወረቀቱን ጻፍኩ። ያ የሚያምር ጽሑፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁም ነገር ሠራ። አብሬያቸው ደሴ ሄድኩ። ዶክተሩ ዓይናቸው ውስጥ ማደንዘዣ ጠብ አድርጎ ትንሽ መለኪያ አሳረፈባት፤ ግፊቱ ከልክ በላይ ነው። "ግራዋ አትመለስም" አለ ሳይደብቅ። "ቀኟ ግን ከዳር ነው የተነካችው። እሷን ማቆየት እንችላለን።"

ጠብታ አዘዘ። በቀን አራት ጊዜ፣ ዕድሜ ልክ። "የሄደውን አያመጣም፣ ያለውን ነው የሚጠብቀው። ምንም ባያምዎት አያቋርጡ፤ በቀጠሮዎ እየመጡ ይለኩ" አላቸው። ለእኔም "በዘር ይሄዳል፣ የሥጋ ዘመድ ሁሉ ይመርመር" አለኝ። "እሺ ዶክተር" አልኩ፣ በትሕትና።

ስንመለስ ሽማግሌዎቹ ካሣዬን ወሰኑ። በግ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ሸህ ይማም ግን "ጠብታውን የምታደርገው አንተ ነህ" አሉኝ። "ከመጨመርህ በፊት ደግሞ ሰላምታ፣ በአፍህ፣ ሙሉውን፣ ከነከብቱ!"

የመጀመሪያዋ ጠብታ ጢማቸው ላይ አረፈች። ሁለተኛዋ ጆሯቸው ውስጥ ገባች። አትሳቁ! አስናቀ ነው ያስተማረኝ፦ የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣት ሳብ፣ አንድ ጠብታ፣ ዓይን ይከደን፣ አፍንጫ አጠገብ ያለችውን ጥግ ትንሽ ያዝ። ሰዓት ስላልነበረን በሶላት ነበር የምንሄደው። የማኅበሩ ጸሐፊ ብልቃጥ ይዞ ሲሮጥ ያየ ሁሉ ከሩቅ "ጓድ፣ ሰዓቱ ደረሰ!" ይለኛል።

ከዚያ ረመዳን ገባ።

አያ እንድሪስ አፋቸውን ሞልተው "ከዛሬ ጀምሮ የለም" አሉ። "ጾሜን አላፈርስም። ደግሞስ ይሄን ሁሉ ወር ጨመርክ፣ ምን አመጣ? ይቆጠቁጠኛል፣ ግንባሬን ያመኛል፣ ግራዬ እንደሆነ አልበራችልኝ።"

ለመንኳቸው። እምቢ! በማግሥቱም እምቢ። በሦስተኛው ቀን ፈራሁ። የቀረቻቸው አንዲት ዓይን ናት፤ እሷም እያየሁ ልትሄድ ነው። ዳገቱን እያለከለኩ ወጥቼ ለሸህ ይማም ነገርኳቸው። እኚያ ሽማግሌ፣ በጾም አፋቸው፣ በዚያ ፀሐይ ዱላቸውን ይዘው ወረዱ።

"እንድሪስ" አሉ፣ "በዓይኑ ውኃ የጠጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ዓይን አፍ አይደለም፣ ጾምህ አይፈርስም። ግራህን ተዋት፣ ሄዳለች። ይቺኛዋ አላህ የሰጠህ አማና፣ አደራ ናት፣ ምን ብለህ ነው የምትጥላት?"

ከዚያ ቁጭ ብለው የአያ እንድሪስን ራስ ጭናቸው ላይ አደረጉት። "በል ሙሄ" አሉኝ። ጠብ አደረግኩ። ዓይናቸው ውስጥ ገባች። አያ እንድሪስ እጄን ፈልገው ያዙኝና "አብሽር ልጄ" አሉኝ። አለቀስኩ፤ ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በቀጠሮው ደሴ ስንሄድ ግፊቱ ወርዷል። ቀኟ ባለችበት ናት! ስምንት ዓመት ጨመርኩላቸው፣ እኔ ሥራ ይዤ ስሄድ ልጃቸው ተረከበኝ። ደርግ ወደቀ፣ የአያ እንድሪስ ቀኝ ዓይን ግን አልወደቀችም። እስኪሞቱ ድረስ መረባቸውን በራሳቸው እጅ ጠገኑ፣ የልጅ ልጃቸውን ፊት ለይተው አዩ።

እንግዲህ ዛሬ።

መነጽር ላሠራ ብዬ ሄድኩ። የምትመረምረኝ ዶክተር የልጄ እኩያ ናት። "ከቤተሰብ ግላኮማ የነበረበት አለ?" አለችኝ።

ደረቴን ነፋሁ! በሩ ክፍት ነው፣ ወረፋው ሁሉ ይሰማል፣ እኔ ይሄን ሁሉ ታሪክ ከነጢሙ ከነጆሮው ተረክሁላት። "ቀኝ ዓይናቸውን ያተረፍኳት እኔ ነኝ! በዘር እንደሚሄድም ዶክተሩ በራሱ አንደበት ነግሮኛል!"

"ጎበዝ አባቴ" አለች ፈገግ ብላ። "ታዲያ እርስዎ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመሩት መቼ ነው?"

"…ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።"

ሳቁ ከኮሪደሩ ፈነዳ! እኔም ሳቅኩ፣ ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? ከዚያ ለካችኝ። የቀኝ ዓይኔ ግፊት ከፍ ብሏል፣ ነርቩ ግን ገና ደህና ነው። "ሳይጎዳዎት ደርሰንበታል፣ እድለኛ ነዎት" አለችኝ። የኔ ጠብታ በቀን አንዴ ብቻ ናት። ከሐኪም ቤቱ በር ላይ ሆኜ ለእህቴ፣ ለልጆቼ፣ ለአያ እንድሪስ ልጅ ደወልኩ፤ ሁሉም ሊመረመሩ ቃል ገብተውልኛል።

ለአጎቴ ዓይን በቀን አራት ጊዜ ስሮጥ የኖርኩ ሰውዬ ለራሴ አንድ ቀን ለመሄድ አርባ ዓመት ፈጀብኝ። እናንተስ ከዚህ ፖስት ተነስታችሁ ዓይን ሐኪም ጋ ለመድረስ ስንት ዓመት ይበቃችኋል?