የእድራችን ንጉሥ

አብሮኝ የሚሠራ አንድ በርማዊ አለ። በቀደም ምሳ ስንበላ ስለ አንድ የጥንት ንጉሣቸው አጫወተኝ። ዘውዱን የሚደፋው እሱ፣ አገሩን የሚገዙት ግን ሦስት ወንድማማች የጦር አለቆች ነበሩ። እነሱ ካልፈቀዱ ንጉሡ ትንፍሽ አይልም። እምቢ ቢል ሰይፍ ይጠብቀዋል። ባልደረባዬ «ምስኪን!» ብሎ አዘነ፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ። ለምን አትሉም? ይህን ንጉሥ አውቀዋለሁ እኮ! እዚሁ ባሕር ማዶ፣ በምንኖርበት ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ የእድራችን ሊቀመንበር ነው።

ባለፈው እሁድ ስብሰባ ላይ ባላቸው ያረፉባቸው ወይዘሮ ዘነበች ተነሡ። «ልጆቼ፣ ቤቴ ጠባብ ነው፤ ጎረቤቶቼም በፓርኪንግ ነገር ይነዘንዙኛል። ለቅሶውን እዚህ አዳራሽ ልቀመጥ?» አሉ።

ለዚህ እሺ ለማለት ምን ይጠይቃል? ሊቀመንበራችን አፉን ከፈተና ወደ ጥጉ ወንበር ዞረ። ወንበሩ ባዶ ነው! እዚያ ተቀምጦ ራሱን በመነቅነቅ ብቻ የሚገዛን አቶ ሽፈራው መኪናውን ሙቭ ሊያደርግ ወጥቷል።

«እ... ትንሽ እንጠብቅ» አለ።

«ምኑን ነው የምንጠብቀው?» ብዬ ጮህኩ።

«ጋሼ ሽፈራው ፓርክ አድርገው ይምጡ።»

ጠበቅን። ሐዘንተኛዋ እንደቆሙ፣ መንግሥታችን ፓርኪንግ ፍለጋ ብሎኩን ሲዞር ጠበቅን! አቶ ሽፈራው ቁልፉን እያሽከረከረ ገባ፤ ነገሩን ሰምቶ ራሱን ነቅነቅ አደረገ። ሊቀመንበሩ ወዲያው ደረቱን ነፍቶ «ወስኛለሁ፤ ይፈቀዳል!» አለ።

ወስኛለሁ?

የበርማው ንጉሥስ እሺ፣ አንገቱ ላይ ሰይፍ ነበረበት። የእኛው አንገት ላይ ያለው ከረባት ነው፤ እሱንም በገዛ እጁ ነው ያሰረው።